የሸክላ ጣሪያ በደሴ፦ ቆርቆሮ የለመደ ቤት ሸክላ ይችላል?

ጥያቄ፤ «ከጦሳ ሥር» (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ደሴ ውስጥ በ2003 ዓ.ም. ያሠራሁት ባለ ብሎኬት ቤት አለኝ። ስፋቱ 9 በ11 ሜትር ሲሆን፣ ጣሪያው ግራና ቀኝ ብቻ የሚያዘነብል ቀላል ጣሪያ ነው። ያለበስኩት ቆርቆሮ ያኔ አቅሜ የፈቀደው ስስ ቆርቆሮ ስለነበር አሁን ከሚስማሩ ሥር መዛግ ጀምሯል። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም፤ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጊዜ ቆርቆሮው ከሥሩ እያላበው ጠብታው ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ክብ ምልክት ሠርቶብኛል።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ሰው አሮጌ ግቢ ሲያፈርስ 2,300 ያህል የጣሪያ ሸክላ አወረደ፤ በማይጎዳ ዋጋ ሊሰጠኝም ፈቅዷል። ሸክላው እርስ በርስ የሚቆላለፍ ዓይነት ሲሆን፣ ከጀርባው ሊስቴሎ (ሸክላ የሚያርፍበት አግድም ቀጭን እንጨት) ላይ የሚንጠለጠልበት ጥርስ አለው። ሁለት ባለሙያዎችን አማከርኩ። አንደኛው «ቆርቆሮውን አንስተን በዚያው ሞራሌ ላይ እንደረድረዋለን፣ በአራት ቀን ያልቃል» አለኝ። ሁለተኛው ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ «እኔ አልነካውም» አለና ምክንያቱን ሳይነግረኝ ሄደ።

ለማስረዳት ያህል፣ የጣሪያው ተዳፋት 15 ዲግሪ ነው። ካፕሪያታው (ጣሪያውን የሚሸከመው የሦስት ማዕዘን ማገጣጠሚያ) እና ወራጁ (ከአናት ወደ ዳር የሚወርደው እንጨት) ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ካፕሪያታዎቹ በየ1.5 ሜትሩ ቆመዋል። ቤቱ ኮለንና የላይ ዙር ቢም አለው፤ ነገር ግን ቢሙ ውስጥ ምን ያህል ፌሮ እንደገባ አላስታውስም። ይህ ቤት ሸክላ ይሸከማል? የሚሸከም ከሆነስ አሠራሩ ምን ይመስላል? አሮጌ ሸክላ መግዛቱስ ያዋጣል?


መልስ፤ «ቱንቢ» (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ በዚያው ሞራሌ ላይ እንደረድረዋለን ያለዎትን ሰው ጣሪያዎ ላይ እንዳያወጡት። ሁለተኛው ሰው ምክንያቱን ባይነግርዎትም ልክ ነበር። ሙያዬ የሕንጻ መሐንዲስነት ስለሆነ ስለ ሸክላው ውበትና ስለ አደራደሩ ሌሎች ይንገሩዎት፤ እኔ የምናገረው ስለሚሸከመው ነገር ብቻ ነው።

የጣሪያውን ክፈፍ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ብንይዝ፣ ጣሪያዎ መሬት ላይ የሚያጠላው ስፋት 10.2 በ12.2 ሜትር፣ ማለትም 124 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ15 ዲግሪ ሲያዘነብል የቆርቆሮው ስፋት 129 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስስ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ቢመዝን ነውና ጠቅላላው 400 ኪሎ አይሞላም። የሚቆላለፍ የጣሪያ ሸክላ ግን አንዱ ብቻውን 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ደግሞ 14 ያህል ስለሚገባ በካሬ ሜትር 42 ኪሎ ይመጣል። 15 ዲግሪ ለሸክላ ስለማይበቃ ተዳፋቱን ወደ 30 ዲግሪ ማሳደግ ግድ ይላል፤ በዚህም የጣሪያው ስፋትም 144 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ6 ቶን ያልፋል። 6 ቶን ማለት 60 ኩንታል ነው፤ ጭነቱን የሞላ አይሱዙ ቤትዎ አናት ላይ እንደቆመ ያስቡት። ሸክላ ውኃ ስለሚጠጣ በነሐሴ ከዚህም ግማሽ ቶን ያህል ይጨምራል። ሊስቴሎውንና የሚወፍረውን እንጨት ገና አልቆጠርኩም።

ይህ ክብደት ዝም ብሎ ቁልቁል ብቻ ቢጫን ኖሮ ችግሩ ግማሽ በሆነ ነበር። እኛ የምንኖረው ግን የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰዎች ዛሬም ያነሡታል። መሬት ስትነቃነቅ ቤቱን የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በቤቱ ክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ ከላይ በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ ኮለኑን ከሥሩ ለማጠፍ ያለው ጉልበት ይበረታል። በቆርቆሮ ቤት ሰው ከጣሪያው ይልቅ ግድግዳውን ይፈራል፤ በሸክላ ቤት ግን ሁለቱንም መፍራት አለበት፤ ያልታሰረ ሸክላ አንድ በአንድ ይወርዳልና።

ስለዚህ ሸክላውን ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያጣሩ። የመጀመሪያው ግድግዳው ነው። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ ሊሆን ስለሚችል ውይይቱ እዚያው ያበቃል። ደሴ ላይ አብዛኛው ግቢ ተዳፋት ላይ ተቆርጦ የተደላደለ በመሆኑ የቤቱ ግማሽ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተሞላ አፈር ላይ መቆሙ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ዙር ቢሙ ነው፤ ከአንድ ቦታ ላይ የኮንክሪቱን ልባስ በጥንቃቄ ፈልፍለው ፌሮው ስንት እንደሆነ፣ ውፍረቱና የስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ብረት) ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ይለኩ። በብዙ ቤቶች ዙር ቢም የሚሠራው ግድግዳውን ለማቀፍ እንጂ በሰፊ መስኮት ላይ ክብደት ለመሸከም አይደለም። ሦስተኛው ካፕሪያታው ከቢሙ ጋር በምን እንደተያያዘ ነው። ቢሙ ሲሞላ በተቀበረ ፌሮ ወይም ቡሎን ካልታሰረ በስተቀር ለሸክላ አይበቃም።

ተዳፋቱን ከ15 ወደ 30 ዲግሪ ሲያሳድጉ የጣሪያው አናት ከ1.4 ሜትር ወደ 2.9 ሜትር ከፍ ይላል። ያ ማለት ካፕሪያታው በሙሉ አዲስ ነው ማለት ነው። ወራጆቹ ይህን ክብደት ሲሸከሙ ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፉ የታችኛው አግዳሚ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ ከዳር እስከ ዳር መድረስ አለበት፤ «ኮርኒሱ ከፍ ይበልልኝ» ብለው አግዳሚውን የሚያስቆርጡ ሰዎች ገጥመውኛል። የጣሪያ አወቃቀር መቀየር የማሻሻያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑንም አይርሱ፤ ከሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ጀምሮ ነባር ቤትን ማሻሻል ያለ ፈቃድ አይሠራም።


መልስ፤ «የሸዋ በር አናጺ» (ደሴ)

ከላይ የተጻፈውን የክብደት ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ቤቱ ይችላል ከተባለ በኋላ ያለውን ልጨምር።

ስለ ተዳፋት ሰው የሚሳሳተው ቆርቆሮ ስለለመድን ነው። ቆርቆሮ አንድ ወጥ ስለሆነ በ10 ዲግሪም ውኃውን ያሳልፋል። ሸክላ ግን ብዙ ሺህ ቁርጥራጭ ነው፤ በመገጣጠሚያው ውኃ እንዳይገባ በዋናነት የሚያደርገው ውኃው በፍጥነት መውረዱ ነው። ተዳፋቱ ሲለዝብ ንፋስ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ዝናቡና ንፋሱ አብረው እንደሚመጡ ያውቃሉ። 30 ዲግሪ ማለት በአንድ ሜትር አግድመት 58 ሳንቲ ሜትር መውጣት ነው። አያቶቻችን የሣር ክዳን ቤት ሲሠሩ ጣሪያውን አሹለው የሠሩት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ቆርቆሮ መጥቶ አስረሳን።

አሮጌ ሸክላ መግዛት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ብዙ ክረምት ያሳለፈ ሸክላ ከአዲሱ በላይ የተፈተነ ነው። ነገር ግን አንድ በአንድ መፈተሽ አለበት። እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ሸክላውንም በአንድ እጅዎ አንጠልጥለው ያንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደኅና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ካለው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ከዚያ ከየቦታው አሥር ያህል መርጠው በደረቁ ይመዝኑ፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ውኃ ውስጥ ያቆዩ፣ ውጫቸውን ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። 3 ኪሎ የነበረው 3.3 ቢሆን 10 በመቶ ጠጥቷል ማለት ስለሆነ ምንም አይደለም፤ ከ15 በመቶ የሚያልፈውን ግን እኔ ጣሪያ ላይ አላወጣም። ነጭ የኖራ ፍንጣሪ ያለበትንም ይጣሉ፤ ኖራው ውኃ ሲያገኝ እያበጠ ሸክላውን ይፈለቅቀዋል። ጥርሱ የተሰበረው ለማዕዘን መቁረጫ ይቀመጥ። ስለ ውርጭ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፦ ሸክላን ውርጭ የሚሰብረው ውኃ ጠጥቶ እያለ ሲያገኘው ነው፤ የእኛ ውርጭ የሚበረታው ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ስለሆነ በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ደሴ ላይ ያን ያህል አያሰጋውም። ከውርጩ ይልቅ በረዶውን እፈራለሁ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ርጥቡን ለሸክላ ፈጽሞ እንዳይጠቀሙ። ርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ቆርቆሮ አብሮ ስለሚተጣጠፍ ችግሩ አይታይም፤ ሸክላ ግን አይተጣጠፍም፣ ይከፈታል። የደረቀና የተላገ እንጨት ወይም የብረት ካፕሪያታ ይጠቀሙ። ወራጆቹ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይራራቁ፤ በላያቸው ባለ ሬንጅ ንጣፍ ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር እየተደረበ ይነጠፋል። በንጣፉ ላይ በየወራጁ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን እንጨት ይመታል፤ ሊስቴሎው በዚህ ላይ ይጋደማል። ይህን ቀጭን እንጨት ብዙዎች «ብክነት ነው» ብለው ይዘሉታል። እሱ ከሌለ ሾልኮ የገባ ውኃ ሊስቴሎው ላይ ተጠራቅሞ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ እሱ ካለ ግን በሥሩ አልፎ ወደ አሸንዳው ይወርዳል፣ አየርም ይመላለሳል። ኮርኒስዎን ያበላሸው ላበትም የሚቀንሰው በዚሁ ነው።

የሊስቴሎውን ርቀት ከሰው አይጠይቁ፤ ከራሱ ከሸክላው ይወስዱታል። 12 ሸክላ ደልዳላ ወለል ላይ በጀርባቸው ቆላልፈው ይደርድሩ። መጀመሪያ እስከሚችሉት ድረስ ስበው የአሥሩን ርዝመት ይለኩ፤ ቀጥሎ አጥብቀው ገፍተው ይለኩ። የተሳበው 348፣ የተገፋው 336 ሳንቲ ሜትር ቢመጣ አማካዩ 342 ነው፤ ለአሥር ሲካፈል 34.2 ሳንቲ ሜትር የሊስቴሎዎ ርቀት ይሆናል። የመጀመሪያው ሊስቴሎ ከሌሎቹ የሸክላውን ውፍረት ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ከሥሩ የሚያነሣው ሸክላ ስለሌለ ካልተነሣ የመጀመሪያው ረድፍ አንገቱን ይደፋል። የዳሩ ሸክላ ወደ አሸንዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ።

ሸክላው ወደ ላይ ሲወጣ በአንድ ወገን አይከመር። በሁለቱም ክንፍ ትንንሽ ክምር እያደረጉ እኩል ያከፋፍሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተጫነ ካፕሪያታው ሥራው ሳይጀመር ይዘማል። አብዛኛው የሚቆላለፍ ሸክላ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል። ክር ሳይወጥሩ በዓይን የሚደረድር ሰው ካዩ ሥራውን ያስቁሙት። አናቱ ላይ የሚደፋው ሸክላ በአንድ እጅ ሲሚንቶ በአራት እጅ አሸዋ ይለሰናል፤ ሸክላው አስቀድሞ ካልራሰ የልስኑን ውኃ መጥጦ ያደርቀዋል፣ በዓመቱም ይላቀቃል።


መልስ፤ «የኮምቦልቻ እማወራ» (ኮምቦልቻ)

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን በሸክላ ጣሪያ ሥር ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። የኮምቦልቻን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤቶቼ ቀን ቀን ከቤት ወጥተው ዛፍ ሥር ሲቀመጡ እኔ ቤቴ ውስጥ ቡናዬን አፈላለሁ። የዝናቡም ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ነው።

የሚያስቸግረው ሰው ሲወጣበት ነው። የቴሌቪዥን ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት 11 ሸክላ ሰብሮብኝ ወረደ፤ አንዱንም አልነገረኝም፣ ሐምሌ ሲገባ ጣሪያው ነገረኝ። ምትክ የሚሆን ተመሳሳይ ሸክላ ፍለጋ ሁለት ወር ደክሜአለሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ መቆለፊያው አልገጥም አለ። ስለዚህ ወንድሜ ከሸክላው ቢያንስ መቶ ያህሉን ለመጠባበቂያ ሳይነኩ ያስቀምጡ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አሸንዳውን ይዘጋዋልና ሰኔ ከመግባቱ በፊት መጥረግ ግድ ነው።


የጠያቂው ምላሽ፤ «ከጦሳ ሥር»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መሠረት ሁለት ቅዳሜና እሑድ ፈጅቼ አጣራሁ። ቢሙን ፈልፍለን ስናየው ባለ 10 ሚሊ ሜትር አራት ፌሮ ብቻ ነው፤ ስታፋው ደግሞ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ነው። ካፕሪያታው ከቢሙ ጋር የተያያዘው በጥቁር ሽቦ ነው። በስተጓሮ በኩል ካለው መስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅም አለ፤ በቀለም ተሸፍኖ ስለነበር እስከዛሬ የልስን ስንጥቅ ይመስለኝ ነበር።

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አንኳኳናቸው። ከ2,300 ውስጥ ድምፃቸው የጠራው፣ ጥርሳቸውም ያልተሰበረው 1,640 ናቸው። ውኃ ውስጥ ካቆየናቸው አሥር ሸክላዎች መካከል ትንሹ 8፣ ትልቁ 13 በመቶ ጠጡ።

ለዋናው ቤት ሸክላው እንደማይሆን ገብቶኛል። ነገር ግን በግቢው ውስጥ ለማድ ቤትና ለመኝታ የሚሆን 5 በ9 ሜትር አዲስ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት አስቤአለሁ፤ መሠረቱ ገና አልተቆፈረም። እሱን ከመሠረቱ ጀምሮ ለሸክላ ብዬ ባሠራውስ?


መልስ፤ «ቱንቢ»

ይህ ከመጀመሪያው ሐሳብዎ እጅግ ይሻላል። ክፈፉን 50 ሳንቲ ሜትር ቢይዙ 6 በ10 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ 69 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 970 ያህል ሸክላ ስለሚፈልግ ለብልሽትም ለመጠባበቂያም ይተርፍዎታል። ክብደቱ 3 ቶን ገደማ ነው። ግንቡ ሳይጀመር ይህ ቁጥር ለዲዛይን ሠሪው ይሰጥ። ኮለኑ፣ ቢሙና መሠረቱ በእሱ ይሰላሉ፤ ለካፕሪያታ ማሰሪያ የሚሆነው ቡሎንም ቢሙ ሲሞላ በየቦታው ይቀበራል። በእኛ አካባቢ ዳርና አናት ላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ሸክላ በጋልቫናይዝድ ሽቦ ከሊስቴሎው ጋር እንዲያስሩ እመክራለሁ፤ ሥራው ሁለት ቀን ቢጨምር ነው። የዋናውን ቤት ስንጥቅ ደግሞ ዳርና ዳር በእርሳስ ምልክት አድርገው፣ ቀኑን ጽፈው እስከሚቀጥለው ጥቅምት ይከታተሉት። ቆርቆሮውን በወፍራም ቆርቆሮ ቀይረው ከሥሩ ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ ቢያስገቡ ልጆቹም ያርፋሉ።


መልስ፤ «የሸዋ በር አናጺ»

ማድ ቤት ካለበት አንድ ነገር ልንገርዎት። የጭስ መውጫውን በጣሪያው መሐል አያውጡት፤ ወደ አናቱ ባስጠጉት ቁጥር ከበላዩ የሚመጣበት ውኃ ያንሳል። ዙሪያውን በላሜራ ሲያለብሱት የላይኛው ጠርዝ ከሸክላው ሥር፣ የታችኛው ጠርዝ ከሸክላው በላይ መሆን አለበት፤ ይህ ተገልብጦ ተሠርቶ ዓመቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲደፈንበት የኖረ ጣሪያ አይቻለሁ። ሸክላ ሲቆርጡ በግራይንደር ይሁን፣ አፍና አፍንጫም ይሸፈን። በሸክላው ላይ መሄድ ግድ ከሆነ የሚረገጠው የታችኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ጋ ከሥር ሊስቴሎና ሌላ ሸክላ ስላለ ይችላል፣ መሐሉ ግን ባዶ ነው።

ግንቡን ከመስቀል በኋላ ጀምረው እስከ የካቲት ቢያደርሱት ሸክላው በበጋ ይደረደራል። እንጨቱን ግን አሁን ገዝተው ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመሐሉ አየር እንዲገባ እያለያዩ ያድርቁት። ሊስቴሎ ከማስቆረጥዎ በፊት 12ቱን ሸክላ ደርድረው የለኩትን ሁለቱንም ቁጥር እዚህ ይጻፉልኝ፤ አናቱ ላይ የተቆረጠ ሸክላ ሳይገባ ረድፉ እንዲያልቅ የወራጁን ርዝመት አብረን እናስተካክለዋለን።